መምህር ጌታሁን የማያውቁት ነገር

በታኅሣሥ ወር፣ ሐሙስ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቆቦ በሚገኘው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ግቢ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ነበር። የፊዚክስ መምህራችን መምህር ጌታሁን ክፍል ውስጥ “አላውቅም” ብለዋል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ማስተማር ይቀጥሉ ወይስ ይነሱ? ወሬውን ያስነሣሁት እኔ ነበርኩ። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው።

ነገሩ የጀመረው በዚያው ሳምንት ሰኞ ነው። የክፍላችን ጣሪያ ቆርቆሮ ስለነበር ከአራት ሰዓት በኋላ በሙቀቱ ቋ ቋ ይላል። በመስኮቱ አዲስ የታጨደ የማሽላ አገዳ ሽታ ይገባል። መምህር ጌታሁን ከቤታቸው ሰማያዊ ሳፋ ይዘው መጡ። ውኃ ሞሉትና መካከሉ ላይ ሁለት ክፍተት ያለው ጣውላ አቆሙ፤ ከዚያ በአንዱ ወገን ውኃውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ከሁለቱ ክፍተቶች የወጣው ሞገድ ከማዶ ተገናኝቶ አንዱ ቦታ ከፍ፣ አንዱ ቦታ ጸጥ ሲል አየን። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ “ይቺማ የሆርማት ጎርፍ ናት” አለና ክፍሉ ሳቀ። ሆርማት ከተራራው ወደ ከተማችን የሚወርድ ወንዝ ነው፤ ልጁም አልተሳሳተም። የራያ ልጅ ውኃ ሲከፈልና መልሶ ሲጋጠም እያየ ነው የሚያድገው። ክረምት ላይ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ በክትር ጠልፎ ማሳ ውስጥ ማስገባት የአገሩ እርሻ ነው።

ከዚያ ሳፋውን ወደ ጎን አደረጉና ስለ ኤሌክትሮን ነገሩን። ሁለት ቀጫጭን ቀዳዳዎች ባሉት ግርዶሽ ፊት አንድ በአንድ ሲለቀቅ፣ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ከማዶ ባለው ሰሌዳ ላይ ልክ እንደ ጠጠር አንድ ነጥብ ብቻ ይተዋል። ነጥቦቹ ሲበዙ ግን የሚሠሩት ሥዕል የሳፋውን ሞገድ ሥዕል ነው። በየትኛው ቀዳዳ እንዳለፈ የሚያሳይ መሣሪያ ከተተከለ ደግሞ ያ ሥዕል ይጠፋል።

እጄን አወጣሁ። አባቴ ሁሴን የሰፈራችን የውኃ አባት ነበር። ጎርፍ ሲመጣ የማን ማሳ ቀድሞ እንደሚጠጣ የሚያስተዳድር፣ ገበሬዎቹ ራሳቸው የመረጡት ሰው ማለት ነው። ተራው የሚያዘው በዕጣ ነው። እያንዳንዱ ገበሬ ምልክቱን ይሰጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የቁርቁራ ቅጠል፣ አንዱ የአገዳ ቁራጭ። የማን ምን እንደሆነ ያላየ ልጅ ይጠራና ከቆብ ውስጥ አንድ በአንድ ያወጣል። እስከ አሥር ዓመቴ ድረስ የምጠራው እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ ስለ ዕጣ የሚያስተምረኝ ያለ አይመስለኝም ነበር።

“ቲቸር፣” አልኩ፣ “ጠጠሩ እኮ ከቆቡ ሳይወጣም ጠጠር ነው። የሆነ ሰው ዕጣ ነው። ኤሌክትሮኑም በአንዱ ቀዳዳ አልፏል፤ ያላየነው እኛ ነን።”

መምህር ጌታሁን ጠመኔውን አስቀመጡ። ሲመልሱ ደብተሬን ከፍቼ የተናገሩትን እንዳለ ጻፍኩት። “በዕጣው ልክ ነሽ። ቀድሞ ተወስኖ የተደበቀ ነው የሚለው ቀላሉ ሐሳብ ግን ለኤሌክትሮን አልሠራም፤ ተሞክሮ ከውጤቱ ጋር አልገጠመም። ነጥቦቹ የት እንደሚበዙ፣ የት እንደሚያንሱ በትክክል ማስላት እንችላለን። ሳናየው በመንገድ ላይ ምን እንደሚሆን ግን አላውቅም። እኔ ብቻ አይደለሁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚመራመሩበትም እስካሁን አልተስማሙም።”

ያን ቀን ጓደኛዬ ለተብርሃን አልመጣችም ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ የአባቷ ሱቅ ሄድኩ። አባቷ አቶ ገብሩ ቤተሰባቸው ከወደ ማይጨው የመጣ፣ ቆቦ ላይ ብረት የሚሸጡ ሰው ናቸው። ሱቃቸው የተቆረጠ ብረትና የዘይት ሽታ አለው። እሳቸው ጥግ ላይ በመጋዝ ብረት ይቆርጣሉ፤ ለተብርሃን ምን እንደተማርን ጠየቀችኝ።

“ምንም። ቲቸር አላውቅም አለ” አልኳት።

መጋዙ ቆመ። “ስለ ምኑ ነው የማያውቀው?” አሉ አቶ ገብሩ።

“ስለ ሁሉም ነዋ፣ ጋሼ” አልኩ። ለማሳቅ ነበር። ለተብርሃን ሳቀች፤ እሳቸው አልሳቁም። ለተብርሃን ከቤታቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰች የመጀመሪያዋ ልጅ ናት፤ ብሔራዊ ፈተናው ደግሞ በዚያው ዓመት ነው። ያኔ ይህን አላሰብኩም።

ማክሰኞ ዕለት ወሬው አጎራባቿ ከተማ ሮቢት ደረሰ፤ የቆቦው መምህር ፊዚክስ አያውቅም ተባለ። ጎብዬ ላይ ዲግሪው የሌላ ሰው ነው ተባለ። ዋጃ ሲደርስ ሰውዬው ጭራሽ መምህር አልነበረም። ረቡዕ አመሻሹ ላይ አባቴ ከማሳ ተመልሶ እጁን ሳይታጠብ ጠራኝ። በውኃ ተራ የተጣሉ ሰዎች እሱ ዘንድ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቃቸውን እኔንም ጠየቀኝ።

“አይተሽ ነው ሰምተሽ?”

“ሰምቼ ነው፣ አባ።”

“የተናገርሽው የሰማሽውን ነው?”

አልተቆጣም። ነገ ደብተሬን ይዤ ስብሰባው ላይ እንድገኝ ብቻ ነገረኝና ሊታጠብ ሄደ። በሕይወቴ ከዚያ የባሰ ቅጣት አላስታውስም።

ስብሰባው የተካሄደው ግቢው መካከል ባለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ርዕሰ መምህሩ አጀንዳውን ካነበቡ በኋላ መጀመሪያ የተነሡት አቶ ገብሩ ናቸው። ስድብ አልተናገሩም። “እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት” አሉ። “የማያውቅ ሰው እቤት አለላት። ልጄን የላክኋት የሚያውቅ ዘንድ ነው።” ብዙ ሰው በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። መምህር ጌታሁን መሬት መሬት እያዩ ተቀምጠዋል።

አባቴ ፈቃድ ጠይቆ እኔን አስነሣኝ። ደብተሬን ከፍቼ መምህሩ ያሉትን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበብኩ። “ስለ ሁሉም ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው አላሉም” ብዬ ጨመርኩ። ከሴቶቹ መካከል አንዷ “የዚች ምላስ ከሆርማት ይብሳል” ስትል ግቢው ሳቀ። እኔም እንባዬ እየመጣ ሳቅሁ።

አቶ ገብሩ ግን አልተቀመጡም። ወደ መምህሩ ዞረው፣ ይህ ነገር ፈተና ላይ ቢመጣ ልጃቸው ምን ብላ እንደምትጽፍ ጠየቁ።

“ፈተናው የሚጠይቀው የሚታወቀውን ነው፤ እሱን አስተምሬአታለሁ፣ ጋሼ” አሉ መምህር ጌታሁን። “የማይታወቀውን የማውቅ መስዬ ብነግራት ግን፣ አንድ ቀን ትደርስበትና የሚታወቀውንም አታምነኝም።”

አባቴ ተነሣ። “ደመናውን አይቼ ዛሬ ጎርፍ ይመጣል እላችኋለሁ” አለ። “ክትሩን በየት በኩል እንደሚሰብረው ስትጠይቁኝ አላውቅም እላችኋለሁ፤ እናንተም ሁሉንም ጥግ ትጠብቃላችሁ። በዚህ በኩል ነው ብዬ ብዋሽ፣ የሌላው ማሳ ነበር የሚሄደው።”

አንድ ሽማግሌ “አንተማ የምታውቀውንም ትደብቅብናለህ፣ ሁሴን” አሉት፤ እንደገና ተሳቀ። ርዕሰ መምህሩ ድምፅ አሰጡ። መምህር ጌታሁን እንዲቀጥሉ ተወሰነ። አቶ ገብሩ ለድጋፍም ለተቃውሞም እጃቸውን አላወጡም፤ ኮፍያቸውን ደፍተው ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ጋዜጠኛ ሆኜ ብዙ ስብሰባ ዘግቤአለሁ፤ በትልልቅ አዳራሾች፣ ማይክሮፎን በተደረደረበት። ጥያቄ ሲነሣ ሁሉም መልስ አለው። ዛሬማ በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ እንኳ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስልም። የኤሌክትሮኑን ነገር አሁንም አልፎ አልፎ አነባለሁ። ስሌቱ እስካሁን አላሳሳተም፤ ኮምፒውተሩም ስልኩም የቆመው በእሱ ላይ ነው። መምህራችን ያልመለሱልኝ ጥያቄ ግን አሁንም ክርክር ላይ ነው። ያኔ በኒሙ ጥላ ሥር የተቀመጡት ገበሬዎችና ነጋዴዎች፣ አብዛኞቹ ፊደል በቅጡ ሳይቆጥሩ፣ አንድ የተማረ ሰው እውቀቱ የሚያበቃበትን ድንበር ስላሳየ ከሥራው አይነሣም ብለው ወሰኑ። የዚያ ከተማ ልጅ በመሆኔ እኮራለሁ።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት የማስታውሰውን ለማጣራት ለተብርሃን ጋ ደወልኩ። የስብሰባውን ነገር እንደኔው ታስታውሳለች። የማላውቀውን አንድ ነገር ደግሞ ጨመረችልኝ። ከስብሰባው በኋላ በነበረው ሰኞ እኔ በወባ ታምሜ ቀርቼ ነበር። ያን ቀን አባቷ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው ፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ላይ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ አለችኝ። አንድ ሰው የነገረኝን ብቻ ይዤ መጻፍ ስላልፈለግሁ፣ ክፍል ውስጥ የነበሩ ሁለት ሌሎች ልጆችን ፈልጌ ጠየቅሁ። ሁለቱም አረጋገጡልኝ። አቶ ገብሩ እስከ ደወሉ ቆይተዋል። አንድ ጥያቄም ጠይቀዋል። ምን ብለው እንደጠየቁ ግን ከሦስቱ ያስታወሰ የለም፤ እኔም አላውቅም።