ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ፣ በሚጠፋ ሞተር

የልጄን የዘነበችን ባት በጣቴ ተጫንኩት። ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። ታላቅ ወንድሟን በክረምቱ ስቀብረው እግሩ እንዲሁ አብጦ ነበር፤ ያን ጊዜ ወፈረልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ገባኝ፤ እብጠቱ ከረሃብ ነው። ንጉሡ ከወረዱ ወዲህ ሰዉ ሁሉ የሚያወራው ስለ ለውጡ ነው፤ እኔ ጆሮዬ የቆመው ለአንድ ወሬ ብቻ ነበር። ደሴ ለተራቡ ልጆች ወተት የሚሰጥበት መጠለያ ተከፍቷል አሉ። የስድስት ዓመት ልጄን አቅፌ ተነሳሁ።

ጠዋት፣ መካነ ሰላም

ለመኪናው መሳፈሪያ አረቄ የማወጣበትን ጋን ሸጥኩ። ሾፌሩ እንድሪስ ይባላል። ከፊት እኔና ልጄ ተቀመጥን፤ ከኋላ ቆዳ ነጋዴው አቶ ሙሄ ከቆዳቸው ጋር። ገና ከከተማው ሳንወጣ መኪናው አመል አመጣ። ቤንዚን ሲሰጠው ይሄዳል፤ እንድሪስ እግሩን ከመርገጫው ሲያነሳ እንደ ወባ በሽተኛ ይንዘፈዘፍና ጭጭ ይላል። ባትሪው ስለደከመ የሚነሳው ተገፍቶ ነው።

«ሚኒሞ አልይዝ አለኝ» አለ። ቆሞ ሳለ በራሱ መሥራት አቃተው ማለቱ ነው።

«ምን ነካው?» አልኩት።

«ቤንዚኑ ነው እቴ። የበርሜል ቤንዚን ቆሻሻ አያጣም። አብሽሪ፣ እንደርሳለን።»

ቤንዚን የሚረጨውን ካርቡራቶር ፈታ፣ በአፉ እፍ አለበት፣ መልሶ ገጠመ። ምንም ለውጥ የለም።

አቀስታ ሳንደርስ

በሬም ዘርም የተረፈው ሰው ስለሌለ ማሳው ያበቀለው አረም ነው። በመንገዱ ዳር ሰው ወደ ደሴ ይጎርፋል። ዳገቱ ላይ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ መሀል መንገድ ወጣችና እጇን ዘረጋች። እንድሪስ ዞር ብሎ አየኝ።

«ከቆምኩ ይጠፋል። ዳገት ላይ ማን ይገፋዋል?»

«አትቁም ወንድሜ» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። እጇን እንደዘረጋች አለፍናት፤ ዞሬም አላየሁ።

ከሰዓት በኋላ፣ ከጉጉፍቱ ቁልቁል

ብርዱ አጥንት ይገባል። ዘነበችን በጋቢ ጠቅልዬ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ቁልቁለቱ ሲጀምር እንድሪስ ፍሬኑን በሁለት እግሩ ሲረግጥ አየሁት። አልታዘዝ አለው። በስንት መከራ መኪናውን ከዳርቻው አፈር ጋር አላትሞ አቆመው።

«ፍሬኑም ድንጋይ ሆነ» አለ።

ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረግን። አቶ ሙሄ ሞተሩ እንዳይጠፋ ገብተው የቤንዚኑን መርገጫ ረግጠው ተቀመጡ፤ እንድሪስ ኮፈኑን ከፈተ። ያን ጊዜ ስስ ፉጨት ሰማሁ። አረቄ ሳወጣ የጋኑና የመቃው መጋጠሚያ ሲከፈት የምሰማው ዓይነት ነው።

«እንደ አረቄ ጋኔ ያፈሳል» አልኩ።

«ምኑ?»

«ትንፋሹ።»

አቶ ሙሄ ከውስጥ ሳቁ። «በይ እንግዲህ ጌሾ ጨምሪበት።»

የነጠላዬን ጫፍ አርጥቤ፣ ቤቴ እንደማደርገው፣ በየመጋጠሚያው አስጠጋሁ። አንድ ወፍራም የላስቲክ ቱቦ ጋ ስደርስ ጨርቁ ተሳበና ተጣበቀ። ፉጨቱ ቆመ፤ መንዘፍዘፉም ረጋ። ሳነሳው ደግሞ ጀመረው። እንድሪስ ጨርቁን ከእጄ ወስዶ ራሱ ሞከረ።

«ወላሂ፣ ሞተሩ በመሳብ ፍሬኑን የሚያግዝበት ቱቦ ነው። ተሰንጥቆ አየር እየሳበ ነው። ፍሬኑንም ያደነደነው እሱ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ቤንዚኑን ስሳደብ!»

ስንጥቁን በጎማ ላስቲክ ጠፍሮ አሰረው። ፉጨቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

«በጭቃ ምረጉት» አሉ አቶ ሙሄ።

«የለም፣ ጭቃውን ከሳበው ሞተሩን ይበላዋል» አለ እንድሪስ።

አረቄ ላይ በሊጥ ነው የምንመርገው። መኪናው ውስጥ ዱቄት የያዝኩ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለዘነበች ያስቀመጥኳት አንድ ጭብጥ በሶ። ግማሹን ላስቀር ብዬ ሞከርኩ፤ አልበቃም። ሁሉንም በውሃ ለውሼ መረግሁት፤ ከላዩ በጨርቅ ጠቀለልነው።

ዘነበች በመስኮቱ ታየኝ ነበር።

«እማ፣ በሶዬን ለመኪናው ሰጠሽው?»

«አዎ ልጄ።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

አቶ ሙሄ እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ። ሞተሩ ሳይንዘፈዘፍ፣ በራሱ፣ ቀስ ብሎ ሠራ። እንድሪስ ፍሬኑን ሞከረና «ተመስገን» አለ። ከዚያ ወዲያ እጅ የዘረጋ ሰው ባየ ቁጥር ቆመ፤ ሞተሩም አልጠፋ። አቶ ሙሄ ቆዳቸውን ጣሪያ ላይ ጭነው ቦታ ለቀቁ። በተሳፈረው ሰው ፊት ሁሉ ያቺን ሴት ፈለግኋት። እሷ ግን ከኋላችን ቀርታለች፤ ለመመለስ ደግሞ ቤንዚኑ አይበቃም።

ማምሻ፣ ደሴ

መጠለያው ደጅ ሰው እንደ ገበያ ተኮልኩሏል። አንዲት ነርስ ዘነበችን ከእቅፌ ተቀብላ ወተት በማንኪያ ጠብ ጠብ አደረገችላት። የመጀመሪያውን ተፋችው፤ ሁለተኛውን ዋጠች። እኔ አጠገቧ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

ለልጄ ስፈራ በሰው ልጅ እንደምጨክን አላውቅም ነበር። በዚያ መንገድ የተማርኩት ይህን ነው፤ ባላውቀው በወደድኩ። ነርሷ ሌላ ማንኪያ ሰጠቻት፣ እሱንም ዋጠች። ደሴ ገብተናል። ልጄ በሕይወት አለች።