የግራው ሞተር ሳል

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ባለው የአፈር ማኮብኮቢያ ዳር ቆሜ... የአውሮፕላናችን የግራ ሞተር ማሳል ጀመረ።

መጀመሪያ ስለ አውሮፕላኗ ልንገራችሁ። ትንሽ ናት፣ ባለ ሁለት ሞተር። ጄት እንዳይመስላችሁ፤ እንደ መኪና ሲሊንደርና ካንዴላ ያላት፣ በዕድሜም እኔን የምትበልጥ ናት። የምሠራበት ድርጅት ያገለገለች አውሮፕላን ሊገዛ ሲያስብ፣ መርምር ተብዬ የተላክሁት መካኒኩ እኔ ነበርኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ሆዷ ሥር ተጋድሜ፣ ዘይቷን አሽትቼ፣ የጥገና መዝገቧን ገጽ በገጽ አንብቤ «ግዟት፣ በእኔ ይሁንባችሁ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ብሎን በላላ ቁጥር ቢሮው ሁሉ እኔን ነው የሚያየው።

የዚያን ቀን መድኃኒት አድርሰን ባዶ ልንመለስ ስንል ከሆስፒታሉ ተደወለ። ከደሃና የመጡ አንዲት እናት፣ እማማ ብርነሽ ይባላሉ፣ እዚያ የማይሠራ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል... ባሕር ዳር አድርሱልን። እሺ አልን። ቃሬዛው እንዲገባ ወንበሮች ፈታሁ። የቀሩት ለካፒቴኑ፣ ከሆስፒታሉ ታማሚዋን ለምታጅበው ነርስና ለአንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ያንን አንዱን ለባለቤታቸው ለአያ ሞገስ ለቅቄ፣ እኔ በማግስቱ በአውቶቡስ ልመለስ ተስማማን።

ታማሚዋ አምቡላንስ ውስጥ እየጠበቁ ካፒቴኑ ሞተሮቹን አስነሳ። እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለው፤ በሁለት የተለያየ መስመር የሚሠሩ። አንዱ ቢሰንፍ ሌላው ይሸፍንለታል። ስለዚህ ከመነሳታችን በፊት መስመሮቹን ለየብቻ እንፈትሻለን። ቀኙ ደህና ነበር። ግራው በአንደኛው መስመር ሲሞከር... እህ፣ እህ፣ እህ።

ካፒቴኑ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ምን ትላለህ?» አለኝ።

በምዕራብ በኩል ደመና እየተቆለለ ነው። እኔ ደግሞ ለዚህች አውሮፕላን ምያለሁ። «ካንዴላ ቆሽሾ ነው... አየር ላይ ሲሞቅ ይጠራል» አልኩ። አፌ ሲናገር ልቤ አልተከተለውም ነበር።

አያ ሞገስ ከአምቡላንሱ አጠገብ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ሲያዳምጡ ነበር። ቀረብ አሉኝ።

«ልጄ፣ ይኼ የግራው ያስለዋል።»

«ምንም አይደለም አያ፣ ሲሞቅ ይተወዋል። አያስቡ።»

ሞተሩን አየት አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ አብረኸን ትሳፈራለህ?»

«አይ... ወንበሬን ለእርስዎ ለቅቄ እኮ ነው። እኔ ነገ በአውቶቡስ ነኝ።»

«እንግዲያ ደህና» አሉ። ቁጣ የለ፣ ምን የለ። ወደ ሚስታቸው ሄደው በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናገሩ። እማማ ብርነሽ ከተኙበት ቀና ብለው አዩኝ።

ነርሷ የአገሩ ልጅ ናት። «ምን አሏቸው?» አልኳት።

«"ሠሪው አይሄድም" ነው ያሏቸው።»

...ፊቴ ጋለ። እጄን አንስቼ ለካፒቴኑ አጥፋው የሚል ምልክት ሰጠሁት።

«ደመናው እኮ እየመጣ ነው!»

«ይምጣ። ቅድም ያልኩህ ስህተት ነው፤ እከፍተዋለሁ።»

ችግሩ ስድስት ሲሊንደር አለ፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። የሙቀት መለኪያዬን ባወጣ ባትሪው ሞቷል። ካንዴላዎቹን በየተራ ብፈታ ቀኑ ያልቃል። እያጉረመረምኩ መፍቻ ስፈልግ አያ ሞገስ እንደገና መጡ። ለካ ደሃና ውስጥ የወፍጮ ቤት አላቸው፤ ሞተሩን ራሳቸው ናቸው የሚፈቱትና የሚገጥሙት።

«በሚያስልበት በኩል ጥቂት አስነሡትና አጥፉት። ከዚያ ውሃ ጠብ ጠብ አድርግበት። የሠራው ግሎ ይጮሃል፤ ያልሠራው ቀዝቃዛ ነው፣ ዝም ይላል።»

ድሮ በትምህርት ቤት ተምሬው የረሳሁት ነገር ነው! እንዳሉት በሚያስለው መስመር ብቻ ጥቂት አስነስተን አጠፋነው። ሽፋኑን ቶሎ ከፍቼ ዞር አልኩላቸው፤ ከውሃ ፕላስቲካቸው በየጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ ጠብ ያደርጉ ጀመር። ጭስስ... ጭስስ... ጭስስ... ጭስስ... አምስተኛው ላይ ውሃው ዝም ብሎ ወረደ።

«ይኸውልህ፣ የተኛው።»

ካንዴላውን ፈታሁት። ቆሻሻ ብቻ አልነበረም፤ ነጩ ሸክላው ተሰንጥቋል። አየር ላይ ሲሞቅ የሚጠራ ነገር አይደለም። በሙሉ ጉልበት ሲነሳ ምን ያደርግ እንደነበር... እንጃ። መለዋወጫ ነበረኝ፤ ቀየርኩት፣ የቀሩትንም አየሁ። ሞተሩ ሲነሳ በሁለቱም መስመር ለስልሶ ሠራ።

ካፒቴኑ «እንጫን?» ሲለኝ «ቆይ፣ መጀመሪያ አንድ ዙር እኔ ልሳፈርባት» አልኩት። ከጎኑ ተቀመጥኩ። ተነሳን፣ ከተማዋን ዞርን፣ አረፍን። ጆሮዬ ከግራው ሞተር አልተነቀለም፤ ግን አላሳለም።

ስወርድ አያ ሞገስ ቃሬዛውን በአንድ በኩል ይዘው «በል ያዝ» ብቻ አሉኝ። እማማ ብርነሽን ተሸክመን አስገባናቸው። ደመናው ሳይዘጋባቸው ሄዱ፤ እኔ ካፒቴኑ ደርሰናል ብሎ እስኪደውል ድረስ እህል አልቀመስኩም።

ዓርብ ዕለት በማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። እማማ ብርነሽ ናቸው፤ ቀዶ ሕክምናው በሰላም አልቆ ሾርባ መጠጣት ጀምረዋል።

«ጉዞው አልከበደዎትም እማማ?» አልኳቸው።

«እኔስ ተኝቼ በመስኮቱ ደመናውን ከላይ አየሁት፣ ተመስገን! ሰውየው ነው እንጂ... እስክንወርድ ዓይኑን አልገለጠም።»

ከኋላ አያ ሞገስ «እየጸለይኩ ነበር!» ሲሉ ተሰማኝ።