ዝግባው ሲወድቅ የጠራሁት ስም

ነቀምቴ ተወልጄ ባድግም ወላጆቼ የሸዋ ሰዎች ናቸው። ከነቀምቴ ወደ ጉቴ በሚወስደው መንገድ ላለ የኦሮሞ ቤተሰብ ስዳር መጀመሪያ የተነገረኝ ነገር ምን መሰላችሁ? የባልሽን አባት ስም እንዳትጠሪ! ይህን ክልከላ «ለጉ» ይሉታል። ምራት የአማቷን ስም ከጠራች አዋረደቻቸው ማለት ነው። «ባዕድ ናት፣ ወጋችንን ምን ታውቃለች» እንዳልባል፣ እሳቸውን «አባ» እያልኩ፣ ስማቸውን የሚመስል ቃል እንኳ እየዘለልኩ ኖርኩ።

ባሌ ነቀምቴ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ይሠራ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ የሞተር መጋዝ በእኛ ሰፈር ገና ብርቅ ነበር። ከጓሯችን ያለውን ትልቅ ዝግባ ለቤታችን ሳንቃ ሊጥል መጋዙን ከሥራ ቦታው ተውሶ አመጣ። በመጋዝ ነገር ቀልድ አያውቅም! ደረቅ ቅርንጫፍ እንዳይወርድበት ሽቅብ አየ፤ ከኋላው መሸሻውን መነጠረ፤ ሊያይ የተሰበሰበውን ሰው ሁሉ የዛፉን ቁመት እጥፍ ያህል አራቀ። በመውደቂያው በኩል ግንዱን እንደ አፍ ከፍቶ ቆረጠለትና ከጀርባው ይቆርጠው ጀመር። ግንዱ ሲንቋቋ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ መሸሻው ሮጠ።

አማቴ ይህን አያውቁም። ከገበያ መመለሳቸው ነበር። በዚያ አገር የሚሠራን ሰው ሳይመርቁ ማለፍ ነውር ነው። ምሳር ዝም ካለ ቆራጩ አረፈ ማለት ስለሆነ፣ ያኔ ጠጋ ብሎ «ጀባዻ!»፣ በርቱ፣ ይባላል። መጋዙ ዝም ሲል እሳቸውም ከቁጥቋጦው ብቅ ብለው፣ ከዘራቸውን እያስቀደሙ በቀጥታ ወደ መውደቂያው መጡ።

«አባ! አባ!» ብዬ ጮህኩ። ወይ ጉድ! እዚያ የቆመው ሽማግሌ ሁሉ አባ ነው፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፣ እሳቸው ብቻ ይራመዳሉ። ከዚያ በስማቸው ጠራኋቸው፤ ባዶውን፣ እንደ እኩያዬ። ደንግጠው ቀጥ አሉ። ዝግባው ከፊታቸው ተዘረጋ፤ ጫፉ ከዘራቸውን ከእጃቸው መትቶ ጣለው።

ሴቶቹ አፋቸውን የያዙት ግን ለዛፉ አልነበረም።

አማቴ ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ደጃችንን አልረገጡም። የባሌ እናት «ወደ ወላጆችሽ ብትመለሺ ይሻላል» አሉኝ። ባሌም ፊቱን አዞረብኝ! እንዴት እንዳንገበገበኝ! «ታዲያ ምን ላድርግ ኖሯል? ስማቸውን አክብሬ ልቅበራቸው?» ብዬ ጮህኩበት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእኔ ግን አላመለጠም፣ ዐውቄ ነው የጠራሁት። ቢሆንም እፈራ ነበር። ትዳሬን እወደው ነበር፤ እሳቸውንም እወዳቸው ነበር።

በመጨረሻ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ዕቃዬን ሸክፌ ነው የሄድኩት። ሁሉም ከተናገረ በኋላ አማቴ አዲስ ከዘራ ተመርኩዘው ተነሡ።

«ለስሜ ተቆጥቼ ሰነበትኩ» አሉ። «እኔ ከሌለሁ ስሜ ለማን ነው? ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ይህች ግን ልጄ ናት። በይ፣ ልጄ ከሆንሽ እዚሁ ሰው ፊት ድገሚው።»

አፌን ከፈትኩ። ያ ስም እንቢ አለኝ። የወጣልኝ ያው «አባ» ብቻ ነበር።

«አቤት» አሉኝ።