ካናቴራው ላይ የደረብነው ነጠላ

መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። ሰው ፊት ስቆም ዓይኔን መሬት ላይ መትከል ከልጅነቴ ጀምሮ ያለብኝ ልማድ ነው፤ ፖሊሷ በሩን ከፍታ ወደ ውስጥ ስታስገባኝም እንዲሁ አደረግሁ። ሲሚንቶው ተሰነጣጥቋል፤ በስንጥቁ ውስጥ የስንዴ ፍሬ አለ። ዳባት ዳር የነበረ የእህል መጋዘን ነው። እህሉ ወጥቶ እኛ ገባን፤ ሽታው ግን አልወጣም። የአቧራና የነቀዝ ሽታ፣ ጉሮሮ የሚከረክር።

ቀና ስል ሴቶች የማዳበሪያ ጆንያ አንጥፈው፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ቲቸር ናት» አለች ፖሊሷ፣ ዕቃ እንደሚያስረክብ ሰው። «ከደባርቅ።»

«ያችዋ ናት? የተማሪዎቿን ስም አልሰጥም ያለችው?» አለች አንዷ ከጥግ።

ሀገሩ ሁሉ በተቃውሞ የተናጠበት ጊዜ ነበር። ተማሪዎቻችን ከክፍል ወጥተው መፈክር ባሰሙ ማግስት ቢሮ ተጠርቼ፣ ፊት ፊት ሲሄዱ የነበሩት እነማን እንደሆኑ ተጠይቄያለሁ። ስም መስጠት አልፈለግሁም፤ ይህ እውነት ነው። «አልሰጥም» ግን አላልሁም። አፌን ከፈትሁ፣ ድምፅ አልወጣኝም። ጠያቂዎቹ ዝምታዬን እምቢታ ብለው አሰሩኝ፤ ከተማው ደግሞ ጀግንነት ብሎ ወደደኝ። ስለዚህ መጋዘኑ ውስጥ ስሜ ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። እኔ ከኋላው፣ አንገቴን ደፍቼ ደረስሁ።

«ነይ እዚህ ጋ፣ ግድግዳው ከዚህ ወዲያ ያልባል» አሉ አንዲት አዛውንት፣ ጆንያቸውን ሰብሰብ እያደረጉ።

እማማ እንላቸው ነበር። ከቡይት ራስ በታች ካለ መንደር ነው የመጡት፤ ገብስ ዘርተው በግ አርብተው የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ልጃቸው ሲፈለግ ጎተራ ውስጥ ደብቀውታል ተብለው ተያዙ። ልጁም ከቀናት በኋላ ተይዞ ወደ ሌላ ቦታ ተወሰደ። አንድ ልጅ ነው ያላቸው።

በሌላው ጎናቸው የምትተኛው ጥግ ሆና የጠየቀችው ሴት ነበረች። አምባ ጊዮርጊስ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ሙስሊም ናት፣ የሁለት ልጆች እናት። አድማ በተጠራበት ቀን ሱቋን ዘግታ በመገኘቷ ነው የታሰረችው። «ታምሜ ነው የዘጋሁት ብላቸው አላመኑኝም» ትላለች። «እኔም በነሱ ቦታ ብሆን አላምንም።»

ጠዋት ጠዋት ሥልጠና ነበረን። ግቢው ውስጥ በተወጠረ ድንኳን ሥር ተቀምጠን አሠልጣኙ ስለ መታደስ ያስተምረናል። ጨዋ ሰው ነበር፣ አይጮህም። ሰው ከውስጡ መለወጥ አለበት ይል ነበር፤ ንግግሩ ላይ ስህተት ለማግኘት እቸገር ነበር። ሥልጠናው ሊያልቅ ሲቃረብ ግን የሚጠይቀን ስለ ውስጣችን አልሆነም። የምረቃ ቀን ካሜራ ይመጣል። ሁላችንም ነጭ ካናቴራ እንለብሳለን፤ ደረቱ ላይ «ታድሻለሁ» የሚል ተጽፎበታል። ከሴቶቹ በኩል እማማ ይናገራሉ፣ ከዚያ ወደየቤታችን እንሄዳለን።

«እርስዎ ከተናገሩ የልጅዎም ጉዳይ አብሮ ይታያል» አላቸው አሠልጣኙ። ወደ እኔም ዞረ። «መምህርት፣ አስጠኚያቸው። አጭር ነው።»

የጨርቅ ነጋዴዋ የተሰጣትን ካናቴራ በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው። «ይሄ ሱቄ ቢመጣ በነጻም አልቀበለው። አንድ ጊዜ ቢታጠብ ጽሑፉ ይለቃል።»

«ታድሻለሁ» አሉ እማማ ለመለማመድ። ሳቁ። «ቤት እንጂ ሰው እንዲህ ቶሎ ይታደሳል? ቤቱስ ቢሆን ምሰሶው ነቅዞ ሣሩ ቢለወጥ ታደሰ ይባላል እንዴ?»

«እርስዎ ሣሩን ይለውጡላቸው እማማ፤ ምሰሶውን ማን ገብቶ ያይብዎታል» አለች ነጋዴዋ።

መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። ለልጃቸው ሲሉ እንደሚናገሩት ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም አልፈረደባቸውም።

ከምረቃው አንድ ቀን ሲቀረው ታላቅ ወንድሜ ስንቅ ይዞልኝ መጣ። በሽቦው አጥር ወዲያና ወዲህ ቆምን። ፖሊሷ ጥቂት ራቅ ብላ ስልኳን ትነካካለች። ወንድሜ የምግብ ዕቃውን በሽቦው ቀዳዳ ሲያቀብለኝ እጁ ላይ ያዝ አድርጎ አቆየው።

«ፊትሽን እንዳትለውጪ» አለኝ። «የእማማ ልጅ ሞቷል።»

ፊቴን አልለወጥሁም። በሕይወቴ ሁሉ የለመድሁት ነገር ነው።

«ታሞ ነው አሉ። አስከሬኑን መንደሩ አምጥተው ሰጡ፤ ሄደን ቀበርነው።» ወደ ፖሊሷ አየት አደረገ። «የመንደሯ ሽማግሌዎች እስክትወጣ እንዳትሰማ ብለዋል። መርዶ እኮ ሰው በቤቱ፣ በዘመዱ መሀል ነው የሚነገረው። ነገ ትወጡ የለ?»

«እንወጣለን።»

«እንግዲያው ቻይው። አንድ ቀን ነው።»

ስመለስ ፖሊሷ ስንቁን ፈተሸች። ክዳኑን መልሳ ስትከድን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰምተሻል መሰለኝ። እኛም ሰምተናል። ከነገ በኋላ ይነገራታል። ነገን ግን እንዳታበላሺብን ቲቸር። ላንቺም ለሌሎቹም ነው።»

ሽማግሌዎቹ ያሉት ትክክል ነበር። በእኛ አገር መርዶ በመንገድ ላይ፣ በባዕድ ቤት፣ ብቻውን ላለ ሰው አይወረወርም። ጎህ ሲቀድ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ይሄዳል፤ ሐዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣ ይደርሱበታል። ማንም ሳይናገር፣ ሰዎቹን በዚያ ሰዓት በደጁ ሲያይ ያውቀዋል። እኔ ዘመዳቸው አይደለሁም። ዕድሜዬም አይደለም፣ ቦታዬም አይደለም። ዝም ብል ልማዱም፣ ፖሊሷም፣ ወንድሜም ከእኔ ጋር ናቸው። ዝምታ ደግሞ የማውቀው ሥራ ነው።

ከሰዓት በኋላ እማማ ሊያጠኑ አጠገቤ መጡ።

«ተሳስቼ ነበር» አሉ። «በሥልጠናው ታድሻለሁ። ከዚያስ?»

«ልጄም…» አልሁ።

«ልጄም?»

«ልጄም እንደ እኔ ታድሶ…» ከዚህ በላይ መሄድ አልቻልሁም።

«ታድሶ እንዲመለስ እመክረዋለሁ» ብለው ራሳቸው ጨረሱት፣ ሳይሳሳቱ። ከዚያ አዩኝ። «ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ብርዱ ነው።»

ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው አለበሱኝ። እምቢ ብል አልሰሙኝም። «ለዛሬ አንች ሙቂበት። ነገ ልጄ ይለብሰዋል፤ እሱም እንዳንች ብርድ አይችል።»

ጋቢው የበግና የጭስ ሽታ ነበረው። በውስጡ ቁጭ ብዬ እማማ ያችን ቃል ደጋግመው ሲለማመዱ ሰማሁ። ነገ ካሜራ ፊት ይሏታል። ልጃቸው ከተቀበረ በኋላ፣ እንዲመለስ ይመክሩታል። ሀገር ያያል፤ መንደራቸውም ያያል። ከዚያ ቤታቸው ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ ደጃቸው ላይ ተሰብስበው ይጠብቋቸዋል። ቃሏ ግን አትመለስም።

ሊነጋጋ ሲል ነጋዴዋን ቀሰቀስኋት። ለሶላት የምትነሳበት ሰዓት ስለሆነ አልደነገጠችም። ጆሮዋ ላይ ነገርኋት። ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ብትነግሪያቸው አንወጣም» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ልጆቼ ዛሬ ትመጣለች ተብለው ነው የተኙት።»

እምቢ ብትለኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ ዛሬም አላውቅም። ሻሿን አጥብቃ አሰረች። «አጠገባቸው ቆሜ ያን ነገር ሲሉ እየሰማሁ ወዴት ልግባ? በይ፣ ብቻሽን አታረጂም። መርዶ በአንድ ሰው አይሆንም» አለችና ሌሎቹን አንድ በአንድ መቀስቀስ ጀመረች።

በዝምታ ተነሱ። አንዳንዷ ስትሰማ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች፤ አንዷ ደግሞ «እስከ ማታ ብንቆይስ?» አለች፤ እሷም ግን መጥታ ተቀመጠች። በእማማ መኝታ ዙሪያ ከበብን። ከጣሪያው ሥር ባለችው ቀዳዳ ግራጫ ብርሃን መግባት ጀምሯል።

እማማ ዓይናቸውን ሲገልጡ ሁላችንንም አዩን። አንድ በአንድ። ቀስ ብለው ተነስተው ተቀመጡ፤ ፀጉራቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

«ማን ነው?» አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እንደ ቢሮው ቀን አፌን ከፈትሁ፤ ድምፅ አልወጣኝም። ወለሉን አየሁ፤ ስንጥቁን፣ ስንዴውን። ከዚያ ቀና ብዬ ዓይናቸውን አየሁ።

«ልጅዎ ነው እማማ» አልሁ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ወጣ ግን። «ታሞ ነው ተባለ። ሀገሩ ነው የተቀበረው። ወገን ነው የቀበረው።»

አልጮሁም። ሁለት መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ባዶነታቸውን ተመለከቱ። ከዚያ ስሙን ጠሩ፣ ሜዳ ላይ ያለን ሰው ወደ ቤት እንደሚጠሩ ያህል ብቻ። ነጋዴዋ አቀፈቻቸው።

ፖሊሷ በሩን ስትከፍት ሁላችንም ካናቴራውን ለብሰን ቆመን ነበር። ልበሱ ተብለናል፤ ለብሰናል። በላዩ ላይ ግን ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ጥለቱን ወደ አንገታችን መልሰን ደርበናል። ነጠላው ደረታችንን ሸፍኖታል። ነጋዴዋ ትልቁን ሻሿን እንደ እኛው አድርጋ አውርዳዋለች። እማማ መሀላችን ናቸው።

ግቢው ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። ወንድ እስረኞች በአንድ ወገን ተሰልፈዋል። ካሜራው በሦስት እግሩ ቆሟል። አሠልጣኙ ሲያየን ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ነጠላውን አንሱት፤ ጽሑፉ ይታይ።»

ማንም አልተነቃነቀም። እማማ ክንዴን ይዘው ነበር፤ ጣቶቻቸው ሲጠብቁ ተሰማኝ።

«ለቅሶ ላይ ነን» አልሁ።

«የማን ለቅሶ?»

«የልጄ» አሉ እማማ።

ካሜራ የያዘው ጎልማሳ የአካባቢው ሰው ሳይሆን አይቀርም። ከካሜራው ጀርባ ወጣ፤ ኮፍያውን አወለቀ፤ ጎንበስ አለ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት እማማ» አለ። ከወንዶቹ ሰልፍ ተመሳሳይ ቃል ተሰማ፣ ከአንድ አፍ፣ ከዚያም ከብዙ። አሠልጣኙም ከንፈሩ ተነቃነቀ። «ያጽናዎት» ያለ መሰለኝ። ወዲያው ራሱን ያዘ።

«ወደ ውስጥ መልሷቸው» አላት ፖሊሷን።

የወንዶቹ ምረቃ ተካሄደ፤ ጭብጨባው እስከ እኛ ይሰማ ነበር። እኛ ለቅሶ ተቀመጥን። ነጋዴዋ ከፀጉሯ መርፌ ነቅላ ከወለሉ ስንጥቅ የስንዴ ፍሬ መፈልቀቅ ጀመረች። አቧራውን እፍ እያለች መዳፏ ላይ አጠራቀመች። ሲበቃት ዞራ ለእያንዳንዳችን ጥቂት ጥቂት ፍሬ አደለችን፣ ልክ በለቅሶ ቤት ንፍሮ እንደሚታደለው።

«አልተቀቀለም፤ ይቅርታ» አለች።

እማማ የደረሳቸውን ወደ አፋቸው አስገቡ። ለረጅም ጊዜ አኘኩት። ቀኑን ሙሉ የቀመሱት እሱን ብቻ ነበር።

እማማን በዚያው ሳምንት ለቀቋቸው፤ ሐዘንተኛ ማቆየቱ የከበዳቸው ይመስለኛል። እኔና ነጋዴዋ ከሌሎቹ ጋር ክረምቱ እስኪገባ ቆየን። አንድም ቀን «አንቺ ነሽ ያስቀረሽኝ» አላለችኝም። አንዳንድ ማታ ግን «ልጆቼ» እያለች ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር።

ጊዜው ሲለወጥ፣ እስረኛ በየቦታው በሚፈታበት ሰሞን፣ የደባርቅ ወጣቶች ቤቴ መጡ። አዳራሽ ውስጥ ዝግጅት አለ፤ ንግግር አድርጊልን አሉ። ካናቴራ ይዘውልኝ መጥተዋል። ነጭ ነው። ደረቱ ላይ «ጀግናችን» ይላል። ልጆቹ ደጎች ናቸው፣ ከመካከላቸው የኔ ተማሪዎች የነበሩም አሉ። አመሰገንኋቸው። አዳራሹ ሄጄ በራሴ ልብስ ከኋላ ተቀመጥሁ። ሁለቱንም ካናቴራዎች በኋላ ቆርጬ የሰሌዳ መጥረጊያ አደረግኋቸው። ነጋዴዋ ልክ ነበረች፤ ጽሑፉ ለቀቀ። አሁን የትኛው ቁራጭ ከየትኛው እንደሆነ አይለይም።

እማማ ቅዳሜ ገበያ ሲወርዱ እኔ ቤት ያርፋሉ። ያችን ጠዋት ብዙም አናነሳትም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ ዛሬም ወላጆች ስብሰባ ላይ መናገር እንደምፈራ፣ ድምፄ እንደሚንቀጠቀጥ ነገርኋቸው።

ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ይንቀጥቀጥ» አሉ። «ያኔም እየተንቀጠቀጠ ነው የደረሰኝ።»