ስንት ቆጠርህ?

የያዙኝ የተማሪዎች ድርሰት እያረምሁ ነው። ሁለት ታጣቂዎች መምህራን ማረፊያ ገቡ፤ አንዱ ስክሪብቶውን ከእጄ ወስዶ ክዳኑን ገጠመና ኪሱ ከተተው። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» አለኝ። ምክንያቱን እስከ ዛሬ በቅጡ አላውቀውም።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ከግድግዳው ስንጥቅ ገለባው አልወጣም፤ ስናስነጥስ እንውላለን። ከታሳሪዎቹ ለእኔ የሚቀርቡት ሁለት ነበሩ፤ በገነተ ማርያም በኩል ቅኔ የሚያስተምሩ አንድ መሪጌታና ላሊበላ ውስጥ ቱሪስት የሚያስጎበኝ ወጣት። ቱሪስት ከቀረ ወዲህ ሥራ ፈት ነበር። «እንግዳ ስጠብቅ ራሴ እንግዳ ሆንሁ» እያለ ያስቃል እንጂ አያማርርም።

እኔ ከመታሰሬ በፊትም መጻፍ አቅቶኝ ነበር። ተማሪዎቼን እንደማስተምረው መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ብዬ አቅጄ እቀመጣለሁ፤ መግቢያው ላይ እደክማለሁ። መጋዘኑ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ወረቀት የለም። ይህን ለመሪጌታ ባጫውታቸው፣

«ታዲያ አትቆጥርም?» አሉኝ።

ለማያውቅ ላስረዳ። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን በወረቀት አያዘጋጅም። ከሰው ፈንጠር ብሎ፣ ተከናንቦ ይቀመጥና ቃል በቃል በልቡ ያበጀዋል። መቁጠር የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፤ የተጣመመ ካለ መምህሩ ያቀናለታል።

«የኔታ፣ የእኔ እኮ ቅኔ አይደለም። ተራ ታሪክ ነው።»

«ልብ ምን ቸገረው? ተከናነብ በል።»

ጋቢዬን ተከናንቤ ጥግ ያዝሁ። መጀመሪያ የሚሰማኝ የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ቀስ እያለ አንዲት የኩልመስክ ሴት መጣችልኝ። ደጇ ላይ አንድ ትልቅ የጽድ ዛፍ አላት። ወታደሮች ጥላው ሥር ያርፋሉ፤ ሲሄዱ ለማገዶ ይቆርጡታል። ሴትዮዋ ትወጣለች፤ ጉቶውን ታየዋለች። ከዚያ ሰፌዷን ይዛ ትቀመጥበትና ምስር እየለቀመች «እንዴ! እንዲህ ይመቻል ለካ» ትላለች። ይህን እኔ አላቀድሁትም፤ እሷው ናት ያለችው። ጋቢው ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ረሃቤም፣ ገለባውም ጠፍተውኝ ነበር።

«ኧረ መምህር፣ ብቻህን አትብላ!» አለኝ አስጎብኚው።

ጠባቂው በመስኮት አንገቱን አስገባ። «ያ ተሸፋፍኖ የሚስቀው ምን እየሠራ ነው?»

«እየቆጠረ ነው» አለ አስጎብኚው፣ ሳያስበው።

ጠባቂው ያገራችን ሰው አልነበረም። እሱ በሚያውቀው አማርኛ እስረኛ ተደብቆ የሚቆጥረው ጠባቂዎችንና መሣሪያቸውን ነው። ወዲያው አወጡኝ።

«ስንት ቆጠርህ?» አለኝ ኃላፊው።

ተማሪዎቼ ፊት እንደቆምሁ ሁሉ ስለ ቅኔ ቤት ማስረዳት ጀመርሁ። እጁን አነሣ። «ተወው። የቆጠርኸውን ንገረኝ።»

ነገርሁት። ጉቶው ላይ ስደርስ ሳቅ ሊያመልጠው ነበር መሰለኝ፤ ፊቱ ግን ተመልሶ ጠቆረ።

«ዛፉን ነፋስ ይጣለው» አለ። «እንደዚያ አድርገህ ንገረኝና ነገ ከሰው ጋር ፀሐይ ትሞቃለህ። አለዚያ ጥበቃ ሲሰልል ተያዘ ብዬ እጽፍብሃለሁ።»

በጣም ደክሞኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ሞከርሁት፤ ነፋሱን አስገብቼ ታሪኩን በልቤ አንድ ጊዜ አስኬድሁት።

«አይሆንም» አልሁ።

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«ነፋስ ከነሥሩ ነው የሚነቅለው። ጉቶ አይተርፍም። ሴትዮዋ መቀመጫ ታጣለች።»

ኃላፊው በእጁ በሩን አሳየኝ። «ጋቢውን እዚሁ ተውና ሂድ» አለኝ በመጨረሻ።

መሪጌታ ታሪኩንም የሆነውንም ሁሉ አስነገሩኝ። «የሚቃና የለውም» ብለው የራሳቸውን ጋቢ ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ኃላፊው ምን እንደጻፈ አላውቅም። ሌሎቹ ፀሐይ ሊሞቁ ሲወጡ ግን እኔ ብዙ ጊዜ ከውስጥ ቀረሁ። የላስታ ብርድ ያለ ፀሐይ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ጉልበቴን አሁንም ያመኛል።

ዛሬ ተፈትቼ ወደ ማስተማሬ ተመልሻለሁ። ታሪኩን ወረቀት ላይ ሳሰፍረው ያኔ ከተሰማኝ አንሶ አገኘሁት። ያ ደስታ በጠራሁት ጊዜ አይመጣም፤ አብዛኛውን ቀን ሳልጽፍ ደክሞኝ እተኛለሁ። ለምን እንደሚመጣና ለምን እንደሚቀር ለማስረዳት ሞክሬ አልቻልሁም።

በቀደም ለተማሪዎቼ አነበብሁላቸው። ስጨርስ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ምስሩን ለቅማ ስትጨርስ ምን አደረገች?»

«እኔ እንጃ። አልነገረችኝም።»

«ታዲያ ይጠይቋታ!» አለችኝ።