ከቀዩ በር ፊት የቆመችው ኮሮላ

ልጅ እያለሁ የእሳት አደጋ መኪኖችን በድምፃቸው ብቻ እለይ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ የነበረው ጉባኤያችን እሁድ ከሰዓት ከአሜሪካኖች በተከራየው ሕንፃ የሚያመልክ ትንሽ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ጎረቤታችን ደግሞ የበጎ ፈቃደኞች የእሳት አደጋ ጣቢያ። ጣቢያው ሦስት ትልልቅ ቀይ በሮች ነበሩት። በግራው በኩል ውኃ የምትረጨዋ፣ በመካከለኛው ረጅሙ ባለ መሰላል፣ በቀኙ አምቡላንሱ ይቆማሉ። ጥግ ላይ ደግሞ ለሰልፍ ብቻ የምትወጣ፣ የነሐስ ደወል ያላት አሮጌ መኪና ነበረች። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሷን ነበር።

የልጆች ትምህርት ሲያልቅ ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ የሆነው ሚስተር ሮን ወደ ጣቢያው ያስገባን ነበር። በሳምንቱ ቀናት ቧንቧ ሠሪ ነው፤ ለዚህኛው ሥራ ግን ማንም አይከፍለውም። ውስጡ ናፍጣ፣ እርጥብ ጎማና የመኪና ሰም ይሸታል። ኮቱ የቱንም ያህል ቢታጠብ ጭስ ጭስ ይል ነበር። ሄልሜቱን ሲደፋልኝ እስከ አፍንጫዬ ይወርድና ዓለም ሁሉ ይጨልምብኛል። «ስታድጊ እዚህ ነው የምትሠሪው» ይለኛል፤ እኔም ቅንጣት ታህል አልጠራጠርም ነበር።

አራተኛ ክፍል እያለሁ እናቴ ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው መንጃ ፈቃድ አወጣች። በዚያው ሰሞን አንድ እሁድ አባቴ ሥራ ስለነበረ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔና እሷ ብቻችንን ሄድን። ዘማሪ ስለሆነች ከመዝሙሩ በፊት መድረስ ነበረባት፤ ግን በየመብራቱ ስትፈራ ስትቸር ረፍዶብናል። ፓርኪንጉ ጢም ብሏል። ሁለቴ ዞረችና ከመካከለኛው ቀይ በር ፊት ለፊት ገጭ አድርጋ አቆመች።

«እማ፣ እዚህ አይቻልም! የፋየር ትራኩ መውጫ ነው» አልኳት።

«ዝግ ነው እኮ፣ አታዪም? አንድም ሰው የለም።»

«ሲጠሩ ይመጣሉ። ፔጀር አላቸው።»

«በእሁድ? ለማይከፈልበት ሥራ? ነይ ውረጂ ሊያዬ፣ እንዳታስረፍጂኝ።»

ወረድኩ። የእናቴ ጥፋት ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ያንን በር የማውቀው እኔ ነበርኩ፣ እሷ አይደለችም።

ምድር ቤት ያለው የልጆች ክፍል መስኮት ወደ ጣቢያው ያያል። ከላይ ሦስተኛው መዝሙር እየተዘመረ ሳለ የጣቢያው ሳይረን ጮኸ። በጎ ፈቃደኞቹ በየመኪናቸው እየከነፉ መጡ፤ አንዱ ነጠላ ጫማ እንዳደረገ ነው የደረሰው። የግራው በር ተከፈተና ውኃ የምትረጨዋ ወጣች። ቀጥሎ የመካከለኛው በር ተነሣ። ባለ መሰላሉ መብራቱን እያብለጨለጨ ብቅ አለ፤ ከፊቱ ግራጫዋ ኮሮላችን ቆማለች። ጡሩምባው ሲነፋ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ዘርግቷል፤ እናቴም መድረክ ላይ እንደዚያው። በመካከሉ ሮጬ ሰማያዊውን የመዘምራን ልብሷን ጎተትኩ። ዓይኗን ገልጣ ፊቴን ስታይ ተከትላኝ ሮጠች። ደጅ ስንደርስ እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች። «ቁልፉ! ቦርሳዬ ውስጥ ነው!» ብላ ልትመለስ ስትል፣ ከኋላችን የመጡት ጋሽ ታደሰ የሚባሉ የጉባኤው ሽማግሌ ኮታቸውን አውልቀው ጣሉ። «ያዙ! በኢየሱስ ስም፣ አንሱ!» አሉ። ክራቫት ያሰሩ ወንድሞችና የእሳት አደጋ ሰዎች አንድ ላይ ኮሮላዋን ብድግ አድርገው ሣሩ ላይ ወረወሯት ማለት ይቻላል። ባለ መሰላሉ ጎኗን ታክኮ ሲያልፍ አንዱን ስፖኪዮ ይዞት ሄደ። ሚስተር ሮን ከመሪው ላይ አየኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እናቴ ወደ ጉባኤው አልተመለሰችም። ባዶው ጋራዥ ፊት በዘማሪ ልብሷ ቆመች። ሰው ሲያጽናናት አትሰማም፤ «ሰው ሞቶ ቢሆንስ?» ትላለች፣ መልሳ ትላለች። ሰዉ ሁሉ ወደ ቤቱ ሄደ። እኛ ግን ቆመን ጠበቅን፤ ምናልባት ለሁለት ሰዓት ያህል።

ባለ መሰላሉ ሲመለስ ሚስተር ሮን ፊቱ ጠቁሮ ወረደ። «ጠይቂልኝ» አለችኝ እናቴ፤ እንግሊዝኛዋ ለእንዲህ ያለ ነገር አይበቃም ነበር። ጠየቅሁት። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዲህ አለኝ፦ «ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት አሮጊት ነበሩ። በመሰላሉ አወረድናቸው። በሕይወት አሉ፤ ግን ብዙ ጭስ ገብቷቸዋል፣ በጣም ተጎድተዋል። እናትሽ የጸሎት ሰው ናት አይደል? እንድትጸልይላቸው ንገሪያት።»

«ምን አለ? ምን አለሽ?» እናቴ እጄን ጨምቃ ይዛዋለች።

«አሮጊቷ ወጥተዋል» አልኳት። «ደህና ናቸው አለ።»

እናቴ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከች። እያለቀሰች ጌታን አመሰገነች። ሚስተር ሮን የላከው መልእክት የደረሰ መስሎት ሄልሜቱን አውልቆ አንገቱን ደፋ። እኔም በሁለቱ መካከል ቆሜ እንደ እነሱ አንገቴን ደፋሁ።

በሚቀጥለው እሁድ እናቴ መድረክ ላይ ወጥታ መሰከረች። ጉባኤው «አሜን!» ብሎ አጨበጨበ፤ እልልታው ቀለጠ። ስንወጣ ሚስተር ሮን ከበሩ ሆኖ እጁን አውለበለበልኝ። አልሄድኩም። አሮጊቷ ምን እንደሆኑ እንዳይነግረኝ ፈራሁ፤ በቀጣዩም እሁድ ፈራሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያን ጣቢያ ረግጬው አላውቅም። ባለ ደወሏን መኪና የማያት በምድር ቤቱ መስኮት በኩል ብቻ ሆነ።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያናችን የራሷ ሕንፃና ሰፊ ፓርኪንግ አላት። የእናቴ ፀጉር ነጥቷል፤ የምነዳውም እኔ ነኝ። ድሮ በድምፅ የምለያቸው መኪኖች ዛሬ ሁሉም አንድ ዓይነት ይጮኹብኛል። ሳይረን በሰማሁ ቁጥር ቀኜን ይዤ እቆማለሁ፤ እናቴም ከጎኔ ሆና ሁልጊዜ አንድ ነገር ትላለች፦ «ያቺን አሮጊት ያተረፈ ጌታ ስሙ ይባረክ።»

«አሜን» እላታለሁ። ከዚያ መኪናው እስኪያልፍ ድረስ፣ ስማቸውን እንኳ ለማላውቃቸው ሴት፣ ያን ቀን ያስቀረሁባቸውን ጸሎት በልቤ እጸልያለሁ።