ግንድ የሚል ቃል የሌለበት ወረቀት

ልጆቼን «ሰው አዘዘኝ ብላችሁ ክፉ አትሥሩ» እያልኩ አሳድጌአለሁ። ለዚህ ትምህርት ቀበቶም ፈትቻለሁ። ይህን የምጽፈው እነሱ እንዲያነቡት ነው።

አሶሳ ዳር ያለው የሰፈራችን መንገድ ሊሰፋ ነበርና ከየቤቱ አንድ ሰው መጥረቢያ ይዞ እንዲወጣ ታዘዘ። ሰባት ሆነን ወጣን፤ ሁላችንም በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጆች ነን። የሚመራን ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ወጣት ነበር። በእጁ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዟል። ምን እንደሚል የጠየቀው የለም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ትምህርት ቤት ሳልገባ ማንበብ በመቻሌ የምኩራራው ሰውዬ።

መጀመሪያ የደረስንበት ማንጎ የአንዲት የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ አሮጊት ነው። በመጣንበት ዓመት፣ እህላችን ሳይደርስ፣ ከሥሩ እየለቀምን በልተናል። ዛፉ ላይ ያለውን አታስነካንም ነበር። መሬት ያገኘነውን ግን «የወደቀ የማንም ነው፣ ውሰድ» ትለን ነበር፣ በተሰባበረ አማርኛዋ።

«ቅርንጫፉን ብቻ፣ መኪና እንዲያልፍ» አለ ወጣቱ። ቅርንጫፍ ምን አለው ብለን ቆረጥን። ቀጥሎ ወፍራሙን አሳየን፤ ጣልነው። ከዚያ «አሁንማ ምን ቀረው? ግንዱን ጨርሱት» አለ።

አሮጊቷ ወጥታ ግንዱን ተደገፈች። «ይሄ እናቴ ተከለ» አለችኝ። «አንተ ከዚህ በላህ።»

ወጣቱ በስልክ ሊነጋገር ወደ መኪናው ሲሄድ መጥረቢያዎቹ ሁሉ ወረዱ።

«ሰደርያው ሲርቅ የኔም ክንድ ደከመው» አለ አንዱ፤ ሳቅን። ሌላው ግን «እናቴን ያበላ ዛፍ አልቆርጥም» ብሎ ሄደ። ያ ቀልደኛም ተከተለው። እኔም ሸሚዜን አንስቼ ነበር።

ወጣቱ ተመልሶ አጠገቤ ቆመ፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። «አባባ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ያሳዩዋቸው። ኃላፊነቱ የኔ ነው።»

ወረቀት የያዘ ሰው ትልቅ ሰው ሲለኝ ደስ አለኝ። አሮጊቷን በክንዷ ይዤ ፈቀቅ አደረግኳትና የመጀመሪያውን ምት እኔ መታሁ። አራቱ ተከተሉኝ።

ዛፉ ከወደቀ በኋላ ወረቀቱን ጠየቅኩት፤ ያለምንም ችግር ሰጠኝ። አነበብኩት። ቅርንጫፍ ይላል እንጂ ግንድ የሚል ቃል የለበትም።

«ግንድ አይልም» አልኩት።

«እኔ ምን ነካሁ? መጥረቢያው የእርስዎ ነው» አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

አሮጊቷ አላለቀሰችም። በጣቷ ግንዱን አሳየችኝ። «የወደቀ ነው» አለች። «ውሰድ።»

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቼ ፍልጡን በጋሪ ጫኑ፤ ጥለው ከሄዱት ሁለቱ አንዱም ነበረበት። እኔ ባዶ እጄን ገባሁ። ልጆቼ ሆይ፣ ይህን ጽድቅ ብላችሁ አትቁጠሩልኝ፤ መንገዱን የማስፋቱ ሥራ ከደጃፏ ሳይደርስ እስከ ዛሬ ቆሟል፣ እኔም በዚያ ማለፍ ትቼ ዞሬ እሄዳለሁ።